በዘሩ ጥፋት የሚቃጠል ማሳ

አሜሪካ ውስጥ ሄምፕ የሚያመርት ገበሬ ከአጨዳ በፊት አንድ የሚያስጨንቅ ቀን ይጠብቀዋል። ናሙና ሰብሳቢ ማሳው ድረስ መጥቶ ከአበባው ጫፍ ከ13 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይቆርጣል። የተቆረጠው ደርቆና ተፈጭቶ ላቦራቶሪ ይገባል። የሚመለሰው ውጤት አንዲት ቁጥር ናት። ቁጥሯ ከ0.3 በመቶ ካልዘለለች ሰብሉ እንደ ስንዴና እንደ በቆሎ ገበያ ይወጣል። ከዘለለች ግን ያው ማሳ፣ ያው የወራት ላብ በሕግ ዓይን ማሪዋና ሆኖ ይገኛል፤ ተገልብጦ ይታረሳል፣ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል።

ቁጥሯ የምትለካው ቲኤችሲ የተባለውን፣ ካናቢስን አስካሪ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ነው። ሄምፕና ማሪዋና በዕፅዋት ሳይንስ አንድ ተክል ናቸው፤ የለያያቸው ሕግ ነው። በ2018 መጨረሻ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጸደቀው የአሜሪካ የግብርና ሕግ ከ0.3 በመቶ ያልበለጠ ቲኤችሲ ያለውን ካናቢስ ሄምፕ ብሎ ከአደንዛዥ ዕፅ መዝገብ ሲያወጣው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ወደ አዲሱ ሰብል ጎረፉ። ብዙዎቹ የፈለጉት ቃጫውን ወይም ፍሬውን ሳይሆን ሙጫውን ነበር፤ በተለይ በሙጫው ውስጥ ያለውን፣ የማያሰክረውንና በዘይት መልክ የሚሸጠውን ሲቢዲ። ብዙም ሳይቆይ ከወሰኑ ያለፈ ሰብል በየግዛቱ መታየት ጀመረ። ገበሬዎቹ “የጋለ ሄምፕ” አሉት።

ለምን ጋለ? ያን ጊዜ በየስብሰባውና በየዘር ሻጩ አፍ ላይ የነበረው መልስ ጥፋቱን ወደ ገበሬው የሚመልስ ነበር። ውሃ ጠምቶት ነው፤ ውሃ በዝቶበት ነው፤ ሙቀቱ አስጨንቆት ነው፤ በሽታ ገብቶበት ነው፤ ማዳበሪያው ተዛብቶ ነው ይባል ነበር። ተክሉ ሲጨነቅ ቲኤችሲ ያመነጫል የሚለው እምነት እንደ እውነት ተይዞ ቆየ። እምነቱ የተመቸው ደግሞ ለዘር ሻጩ ነበር፤ ማሳው ቢግልብህ አያያዝህ ነው ብሎ ገበሬውን ለማሰናበት ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይገኝም። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሳይንስ የሚለው ሌላ ነው። የሙጫውን ዓይነት የሚወስነው ዘረመል ነው፤ አያያዝና አየር ንብረት የሚወስኑት በዋናነት መጠኑን ነው። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሕግ የሚቀጣው የተሳሳተውን ሰው ነው።

ሙጫው የት እንደሚሠራ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የሴቷ ካናቢስ አበባ በማጉሊያ መነጽር ሲታይ፣ አበባውን በሸፈኑት ትንንሽ ቅጠሎች ላይ ቀጭን እግርና ክብ ራስ ያላቸው እጅግ ጥቃቅን ዕጢዎች ተኮልኩለው ይገኛሉ። ከራሱ ግርጌ የተደረደሩት ሴሎች ሙጫውን እያመነጩ በስስ ሽፋን ሥር ያጠራቅሙታል። እጅ ሲነካቸው ይፈነዳሉ፤ የሚያጣብቀውና የሚሸተው ያ ነው። ወንዱ ተክል እንዲህ ያለ ዕጢ ያለው ጥቂት ነው። ሴቷም ብትሆን የወንድ ብናኝ ካገኛት ጉልበቷን ወደ ፍሬ ታዞራለች፤ ሙጫዋ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ሙጫ ፈላጊ አምራች ሁሉ ወንዱን ገና ሲታይ ነቅሎ የሚጥለው።

በዕጢው ውስጥ የሚካሄደው ሥራ አስገራሚ ነው። ቲኤችሲም ሲቢዲም የሚነሡት ሲቢጂኤ ከሚባል አንድ አሲድ ነው። ከአንድ ሊጥ እንጀራም አነባበሮም እንደሚወጣ፣ ይህን አሲድ አንደኛው ኢንዛይም ሲያገኘው የቲኤችሲ አሲድ፣ ሌላኛው ሲያገኘው የሲቢዲ አሲድ ያደርገዋል። አሲዱ ወደ አስካሪው ቲኤችሲ የሚለወጠው በኋላ፣ ሙቀት ሲያገኘው ነው። ይህን የኬሚስትሪ በር የከፈቱት በ1964 እስራኤል ውስጥ ሬሆቮት በሚገኘው የቫይዝማን ተቋም ይሠሩ የነበሩት ራፋኤል መሹላምና ይኺኤል ጋኦኒ ናቸው። ቲኤችሲን ነጥለው ለማውጣት የተጠቀሙት ፖሊስ ከወረሰው የሊባኖስ ሐሺሽ ነበር፤ መሹላም አምስት ኪሎውን በቦርሳ ይዞ በሕዝብ አውቶቡስ ወደ ላቦራቶሪው መመለሱን ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራ ኖሯል።

የትኛው ኢንዛይም እንደሚሠራ የሚያዘው ዘረመሉ ነው። በ2003 ኤቲዬን ደ ማየርና ባልደረቦቹ ንጹሕ የቲኤችሲ ዝርያን ከንጹሕ የሲቢዲ ዝርያ ጋር አዳቀሉ። የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ሁለቱንም የያዘ ቅይጥ ሆነ። ቅይጦቹ እርስ በርሳቸው በተዳቀሉ ጊዜ ደግሞ ሩቡ ንጹሕ ቲኤችሲ፣ ግማሹ ቅይጥ፣ ሩቡ ንጹሕ ሲቢዲ ሆኖ ወጣ፤ ሜንዴል ከአተሮቹ ያገኘው ዓይነት ስሌት ነው። በኋላ የመጡት የጂኖም ጥናቶች ነገሩ ከዚያ ይልቅ የተወሳሰበ መሆኑን አሳይተዋል፤ የሁለቱ ኢንዛይሞች መመሪያዎች ጎን ለጎን የተቀመጡ የተለያዩ ዘረመሎች ናቸው። ውጤቱ ግን አልተለወጠም። ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ አበው፤ በዚህ ተክል ላይ አባባሉ ቃል በቃል ይሠራል። የቲኤችሲ ኢንዛይም መመሪያ የሌለውን ተክል ውሃ ቢያስጠሙትም ሆነ በፀሐይ ቢያቃጥሉት መመሪያውን ከየትም አያመጣውም።

ይህን በማሳ ላይ የፈተኑት በኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። በላሪ ስማርት የሚመራው የሄምፕ ቡድን በመጀመሪያ ያጠናው ገበያ ላይ ያለውን ዘር ነበር። በ2020 ባወጣው ውጤት መሠረት፣ ሄምፕ ተብሎ ከቀረበ አንድ ዝርያ ካገኙት ዘር ሁለት ሦስተኛው ከሕጉ በላይ ቲኤችሲ የሚያመርት ሆኖ ተገኘ። ያንን ዘር የገዛ ገበሬ ገና እርፉን ሳይጨብጥ ሕግ ጥሷል ማለት ነው። ዘሩ በመጠነኛ ዋጋ የሚገኝ እንዳይመስል፤ በዚያ የግርግር ዘመን የሴት ብቻ ተብሎ የሚሸጠው የሲቢዲ ዘር አንዷ ፍሬ እስከ አንድ ዶላር ይጠየቅባት ነበር።

ቀጥሎ ቡድኑ የጭንቀቱን አፈ ታሪክ ራሱን ፈተሸ። ሦስት ዝርያዎች ወስዶ ገበሬ ሊገጥመው የሚችለውን መከራ ሁሉ አወረደባቸው። አንዳንዶቹን በውሃ አጥለቀለቀ፤ አንዳንዶቹን ኢቴፎን የተባለ የዕድገት ኬሚካል ረጨባቸው፤ ሌሎቹን ዱቄት በሚመስል ነጭ ሻጋታ አስያዘ፣ ፀረ አረም አቀመሰ፣ ግንዳቸውን አቆሰለ። ከዚያ በየሳምንቱ ናሙና እየወሰደ ለካ። በ2021 የታተመው ውጤት አጭር ነው፦ የሲቢዲና የቲኤችሲ ጥምርታ አልተናጋም። ፀረ አረም የቀመሱት ደግሞ ጭራሽ የሁለቱም ምርታቸው አነሰ። ጭንቀት ሄምፕን ማሪዋና አላደረገውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ለገበሬው ግን እጅግ የከፋ ነገር አለ። ጥሩ ዘር የገዛ፣ በትክክል ንጹሕ የሲቢዲ ዝርያ የዘራ ሰው እንኳ ሊወድቅ ይችላል። የሲቢዲው ኢንዛይም ሥራውን ሲሠራ እግረ መንገዱን ጥቂት ቲኤችሲም ያመርታል፤ ከ20 እስከ 30 እጅ ለሚሆን ሲቢዲ አንድ እጅ ያህል። አበባው 3 በመቶ ሲቢዲ በያዘበት ወቅት ይህ ከቁጥር አይገባም። 10 በመቶ ሲደርስ ግን ቲኤችሲው 0.3ን አልፎ ይገኛል። ማለትም ገበሬው የተመኘውን ያህል ሙጫ ባገኘበት ቀን ሰብሉ ከሕግ ውጭ ይሆናል። ማምለጫው አንድ ብቻ ነው፤ አበባው ሳይበስል፣ ሙጫው ሳይሞላ ማጨድ። ሰብሉን ሆነ ብሎ እንዲያሳንስ የሚያስገድድ ሕግ ለማንም አይበጅም።

የ0.3 በመቶዋ ወሰን ከየት መጣች? በ1970ዎቹ ኦታዋ፣ ካናዳ ይሠራ የነበረው ኧርነስት ስሞል ካናቢስን በስያሜ ለመለየት ሲጥር መስመር አስፈልጎት አስምሯት ነው። ከአሜሪካዊው አርተር ክሮንኲስት ጋር በ1976 ባሳተሙት ጽሑፍ የተቀመጠች የምደባ መስመር ናት፤ ስሞል ራሱ በዘፈቀደ የተመረጠች መሆኗን አልደበቀም። የለካውም የአበባውን ጫፍ ሳይሆን የወጣት ተክሎችን ቅጠል ነው። ዕፅዋትን በሣጥን ለመመደብ የተሰመረች መስመር ከአርባ ዓመት በኋላ የሰው ማሳ የምታስቃጥል መሆኗ ሕግ አውጪዎች ቁጥርን ያለ ታሪኩ ሲበደሩ ምን እንደሚደርስ ያሳያል። ስዊዘርላንድ ወሰኑን 1 በመቶ ላይ አድርጋለች፤ የሲቢዲ አምራቿ ከአበባው ጋር አይሽቀዳደምም። አሜሪካም ብትሆን በ2021 ሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ በናሙናና በአጨዳ መካከል ያለውን ጊዜ ከ15 ወደ 30 ቀን አራዘመች፤ እስከ 1 በመቶ ያለው መዝለል በቸልተኝነት እንዳያስቀጣም አደረገች። ሰብሉ ግን እንዳለ ሄምፕ ተብሎ ሊሸጥ አይችልም።

ታዲያ እርሻው ምንም አይደለም ማለት ነው? አይደለም። የሙጫው መጠን የእርሻው ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ገበሬው ጌታ ነው። ካናዳ ውስጥ በጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት ብርሃን በተጨመረ ቁጥር የአበባው ክብደት ያለ ማቋረጥ አደገ፤ በእያንዳንዱ ግራም አበባ ውስጥ ያለው የቲኤችሲ ድርሻ ግን እምብዛም አልተነቃነቀም። ብርሃን አበባ ይጨምራል፤ ሙጫው ከአበባው ጋር ይበዛል እንጂ አይለወጥም። ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሌላ ሥራ ደግሞ አበባው ሊደርስ ሲል ለ11 ቀናት ያህል ውሃ የተነፈገ ተክል የቲኤችሲ አሲዱ ክምችት በ12፣ የሲቢዲ አሲዱ በ13 በመቶ ማደጉን አሳይቷል። ሁለቱም አብረው መጨመራቸው ልብ ይባል፤ ዓይነቱ ሳይናጋ መጠኑ ከፍ አለ።

በማዳበሪያ ረገድ የሚያስተምረው የእስራኤሉ የቮልካኒ የግብርና ምርምር ተቋም ሥራ ነው። የኒሪት በርንስታይን ቡድን ናይትሮጅንን በሊትር ከ30 ወደ 320 ሚሊ ግራም እያሳደገ ሲያጠጣ፣ የቲኤችሲ አሲዱ ክምችት በ69፣ የሲቢዲ አሲዱ በ63 በመቶ አሽቆለቆለ። የተራበው ተክል ሙጫው ወፍራም ነው፤ ነገር ግን አበባው ኮሳሳ ነው። የጠገበው በተቃራኒው። የአምራቹ ጥበብ ሁለቱ የሚታረቁበትን ነጥብ ማግኘት ነው። ዩሪያ መጨመር ብቻ እርሻ ለሚመስለው ሰው ይህ ውጤት ጆሮ የሚያስቆም ነው።

የከፍታና የፀሐይ ጉዳይ ብዙ ተረት የተነገረበት ነው። በ1987 የታተመ የሜሪላንድ ጥናት የአልትራቫዮሌት ቢ ጨረር የአስካሪውን ዝርያ ቲኤችሲ እንደሚያሳድግ አገኘ፤ በቃጫው ዝርያ ላይ ግን ለውጥ አላመጣም። ደጋ ላይ የበቀለ ካናቢስ ይበረታል የሚለው ወሬ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። በቅርብ ዓመታት ግን ዘመናዊ ዝርያዎችን ቤት ውስጥ በዚያው ጨረር የፈተኑ ተመራማሪዎች ካገኙት ጥቅም ይልቅ የተጎዳ ቅጠል በዝቶ አይተዋል። አሁንም መልሱ በዘሩ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ያው ፀሐይ ለአንዱ ዝርያ ማነቃቂያ፣ ለሌላው ጉዳት ይሆናል።

ዘርና መሬት ሳይተዋወቁ ሲገናኙ የሚደርሰውን ለማየት ግን ከላቦራቶሪ ወጥቶ ሰሜን ሞሮኮ፣ ሪፍ ተራራዎች ላይ መውጣት ይሻላል። የሪፍ ገበሬዎች ለትውልዶች የዘሩት ቤልዲያ የሚባለውን አገር በቀል ዝርያ ነው። ቤልዲያ በክረምት ማብቂያ ይዘራል፤ ዝናቡን ጠጥቶ፣ ደረቁን ችሎ በበጋው መሐል ይደርሳል። አበባው ተደርቆ በጨርቅ ወንፊት ላይ ይደበደባል፤ ከሥር የሚወርደው የዕጢዎቹ ዱቄት ተጨምቆ ሐሺሽ ይሆናል። ከ2000 ወዲህ ግን ከውጭ የገቡ ዲቃላዎች ተራራውን ወረሩት። በመጀመሪያ ኻርዳላ የሚባለው፣ ከዚያም ከአውሮፓ ዘር ቤቶች የመጡት ተከተሉ። ዲቃላዎቹ ከአንድ ማሳ የሚሰጡት ሙጫ ከቤልዲያው እጅግ ይበልጣል፤ ቲኤችሲያቸውም ከፍተኛ ነው።

ዋጋው ውሃ ሆነ። ዲቃላው ዘግይቶ ይዘራና ደረቁን በጋ ሙሉ ሲጠጣ ይከርማል። የተባበሩት መንግሥታት በ2003 ባደረገው ቅኝት ሪፍ ውስጥ 134,000 ሄክታር በካናቢስ ተሸፍኖ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የታወጀው አኃዝ ወደ 47,000 ወረደ። መንግሥት በቅነሳው ተኩራራ። ጉዳዩን በቅርብ ያጠኑት ፒየር አርኖ ሹቪና ኬንዛ አፍሳሂ ግን የማሳው ማነስ የምርቱን ማነስ እንደማያሳይ አስረድተዋል፤ አነስ ያለው መሬት ብዙ ሙጫ በሚሰጥ ዘር ተተክቶ ነበርና። በሄክታር የሚቆጥር ፖለቲካ ዘረመልን ስለማያይ ተታለለ። በዚህ መካከል ጉድጓድ መቆፈርና ፓምፕ መግዛት የቻለው ገበሬ ተጠቀመ፤ ያልቻለው ጎረቤቱ ምንጩ ሲደርቅ ቁጭ ብሎ አየ።

ሞሮኮ በ2021 ለሕክምናና ለኢንዱስትሪ የሚውል ካናቢስን ሕጋዊ የሚያደርግ ሕግ አወጣች፤ የሚመረተው በአል ሆሴይማ፣ በሸፍሻወንና በታውናት ክፍለ ሀገራት ብቻ ነው። በ2023 የተሰበሰበው የመጀመሪያው ሕጋዊ ምርት 294 ቶን ያህል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ላይ ንጉሥ መሐመድ ስድስተኛ በካናቢስ እርሻ የተከሰሱ፣ የተፈረደባቸው ወይም የሚፈለጉ 4,831 ሰዎችን በምሕረት ለቀቁ። በዚያው ዓመት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ቤልዲያን በፈቃድ ማስዘራት ጀመረ። ለሃያ ዓመት ኋላ ቀር ተብሎ የተተወው ዘር ድርቁን ስለሚችል በመንግሥት ደረጃ ተፈላጊ ሆነ። ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ መዘግየቱ ብቻ ያስቆጫል።

የሪፍ ጉዳይ የሪፍ ብቻ አይደለም። ካናቢስ ወደ አፍሪካ የገባው ትናንት አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ላሊበላ ዋሻ በሚባል ስፍራ ተቆፍረው በተገኙ የሸክላ ፒፓዎች ላይ በ1970ዎቹ በተደረገ የኬሚካል ምርመራ የካናቢስ ርዝራዥ ተገኝቷል፤ ዕድሜው ወደ 13ኛውና 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይወስዳል። ዛሬ በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ተክሉን ማምረትም ማዘዋወርም የተከለከለ ነው። በአህጉሩ ሌሎች ማዕዘኖች ግን ፈቃድ መሰጠት ከጀመረ ቆይቷል፤ ሌሶቶ በ2017፣ ዚምባብዌ በ2018፣ ማላዊ በ2020። ሌሶቶ ውስጥ የፈቃዱ ክፍያ በየኮረብታው ለዘመናት ሲዘራው ለኖረው ትንሽ ገበሬ የማይቀመስ ሆነ፤ ካፒታል ያላቸው የውጭ ኩባንያዎች የገዛ ዝርያቸውን ይዘው ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ገቡ። በሺዎች ሜትር ከፍታ ላይ ከውርጭና ከድርቅ ጋር ተላምዶ የኖረው ዘር ባለቤቶች ደጅ ቀሩ። የቡና ዘራቸው፣ የጤፍ ዘራቸው በሌላ ስም ሲመዘገብ ያዩ አንባቢዎች ይህ ምን ዓይነት ኪሳራ እንደሆነ ማብራሪያ አያሻቸውም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የኮርኔሉ ቡድን ያዘጋጀው የዘረመል ምርመራ ገና አበባ ካላወጣ ችግኝ ትንሽ ቅጠል ተቆርጦ ሊሠራ ይችላል፤ ተክሉ የቲኤችሲ፣ የሲቢዲ ወይም የቅይጥ መሆኑን፣ ሴት ወይም ወንድ መሆኑንም ይናገራል። እንዲህ ያለ መሣሪያ እያለ ፍተሻውን እስከ አጨዳው ዋዜማ ማቆየት፣ ገበሬው ብድሩን ወስዶ፣ ሠራተኛውን ቀጥሮ፣ ውሃውን አጠጥቶ ሲጨርስ ብይን መስጠት ማለት ነው። ፍተሻው ወደ ዘር ሻጩ በር ይዛወር። ከረጢቱ ላይ ሄምፕ ብሎ የጻፈ ነጋዴ የዘረመል ውጤቱን አያይዞ ይሽጥ፤ ውጤቱና ማሳው ካልተገናኙ የተቃጠለውን ሰብል ይክፈል። የፈቃድ ሕግ እያረቀቁ ያሉ የአፍሪካ መንግሥታትም ከአሜሪካ 0.3ን ገልብጠው ከመጻፋቸው በፊት፣ የአገራቸውን ዘር ሰብስበው ሙጫው ምን እንደሚይዝ በራሳቸው ማሳ፣ በራሳቸው ዝናብ ይለኩ፤ ወሰኑን ከዚያ ያውጡ፤ ያ ዘር ሲመዘገብም ስሙ ሲዘሩት በኖሩት ገበሬዎች ማኅበር ይሁን።